የሐጂ እድሪስ ኢሜይል የጠፋ ዕለት

ሰው መናቅ ሐራም ነው ይላል አባቴ። ልክ ነው፤ አልከራከረውም። አንድ ሰው ግን አለ፣ ሰግጄም ዱዓ አድርጌም ከንቀቴ ላወጣው ያልቻልኩ። እውነተኛ ስሙን ትቼ ኢንጂነር ሙሉዓለም ልበለው። ኢንጂነርነቱን ማን እንደሰጠው አላውቅም፤ በሩ ላይ ተጽፎ አገኘሁት፣ አንብቤ አመንኩ። የምተርክላችሁ እሱን መናቅ የጀመርኩበትን ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጎበድድለት መኖሬንም አልደብቃችሁም። እንዲያውም ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት መተማ ዮሐንስ ነው፤ አባቴ ድንበሩ አጠገብ ሳሙና፣ ብስኩትና የሱዳን ሽቶ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ጎንደር ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ስመለስ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ዌብሳይት እሠራለሁ። "ዌብሳይት" የሚለውን በትልልቅ ፊደል ማስጻፌ የባጃጅ ነጂዎቹን ሁሉ ያስቃቸው ነበር። "ዘሃራ፣ በዚህ ሙቀት ማን ይገባበታል?" ይሉኛል። ይሳቁ እንጂ አራት ደንበኞች ነበሩኝ፤ ሁለት የሰሊጥ ባለሀብቶች፣ አንድ ሆቴልና አንድ የትራክተር መለዋወጫ ሻጭ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ዌብሳይት መሥራት አንድ ነገር ነው። የተሠራውን ዓለም ሁሉ እንዲያየው፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ያ ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል፣ ማስቀመጡን ሆስቲንግ ይሉታል። በድርጅቱ ስም የሚከፈተው ኢሜይልም የሚኖረው እዚያው ነው። እኔ መሥራቱን አውቅበታለሁ። ማስቀመጡን ግን ከእኔ በላይ የሆኑ ሰዎች ሥራ አድርጌ ስላሰብኩ፣ አራቱንም ደንበኞቼን ወስጄ ጎንደር ላለው ለኢንጂነር ሙሉዓለም አስረከብኩ።

ሰውየው ሲያዩት ያስፈራል። ደረቱን ነፍቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነው የሚቀበላችሁ። ከወንበሩ ጀርባ የተቆለፈ በር አለ፤ "ሰርቨር ሩም፣ መግባት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከውስጥ ቀኑን ሙሉ እምምም የሚል ድምፅ ይሰማል። "ማቀዝቀዣው ነው" አለኝ በመጀመሪያው ቀን። "አንድ ዲግሪ ከፍ ካለ የስንቱ ድርጅት ሥራ ይቃጠላል መሰለሽ!" እኔም እንደ መስጊድ ደጃፍ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ ደንበኞቼ አንድ ነገር በጠየቁኝ ቁጥር የምደውለው ለእሱ ነው። ሆቴሉ አዲስ ኢሜይል ፈለገ፣ ደወልኩ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ተከፈተ። መለዋወጫ ሻጩ ገጹ ላይ ፎቶ ልጨምር አለ፣ ደወልኩ፤ "ሰርቨሩ ሞልቷል" ተባልኩ። ሌላ ቀን "ሰርቨሩ ሞቋል" አለኝ። ፓስወርዱን ይስጡኝና እኔው ልሥራው ስለው፣ "ልጄ፣ ሰርቨር በቆላ ሰው እጅ አይነካም" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። አብሬው መሳቄን አስታውሱልኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። የሰሊጥ አጨዳ እየተገባደደ ስለነበር ከተማው በአጫጅና በጭነት መኪና ተጨናንቋል። ሐጂ እድሪስ ፒክአፓቸውን ከደጃፌ አቁመው ገቡ። ኮኪት አካባቢ ሰፊ እርሻ አላቸው፤ ምርታቸውን ራሳቸው ወደ ውጭ ይልካሉ። ጀለቢያቸው በአቧራ ቀልቷል። ሰላምታ ሳይጨርሱ ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

"ልጄ፣ ይቺን እይልኝ። ከቱርክ ነው የደወሉት። የላኩልህ ደብዳቤ ተመልሶ መጣ፣ ዌብሳይትህም የለም ይሉኛል። ምን ማለት ነው የለም?"

ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩት። የእርሻው ፎቶ፣ የሰሊጡ ዓይነት፣ ሐጂ በነጭ ጥምጣም የተነሱት ሁሉ የለም። በምትኩ ነጭ ገጽ ላይ "ይህ አካውንት ታግዷል" የሚል የእንግሊዝኛ መስመር ተቀምጧል። የቀሩትን ሦስት ደንበኞቼን አየሁ። ሁሉም ያው ነው።

"ምን ያህል ያስቸኩላል ሐጂ?"

"ውሉን ፈርሜ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት በድርጅቱ ኢሜይል ካልላክሁ ሌላ ሻጭ ይፈልጋሉ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ሞልቷል፣ እኔን ምን ብለው ይጠብቁኛል?"

"በሌላ ኢሜይል ብንልክስ? አሁን በነጻ እከፍትልዎታለሁ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "አምና አንድ ሌባ በስሜ እንዲህ ያለ ነጻ ኢሜይል ከፍቶ እኔ ነኝ እያለ ሲጽፍላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከድርጅቱ አድራሻ ያልመጣ ወረቀት አንቀበልም ብለዋል። ልክ ናቸው።" ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው በየማሳው ሒላ ሆኖ ተከምሯል። አጫጁ ከወሎ፣ ከጎጃም መጥቶ ተስፋ የሚያደርገው እኔን ነው።"

ፊታቸው ለኢንጂነሩ ደወልኩ። በአራተኛው ጥሪ አነሳ።

"ኢንጂነር፣ ዘሃራ ነኝ ከገንዳ ውሃ። የደንበኞቼ ዌብሳይት ሁሉ ጠፍቷል፤ ታግዷል ይላል።"

"ሜንቴናንስ ላይ ነን።"

"መቼ ያልቃል? አንድ ደንበኛዬ እስከ ሐሙስ..."

"ሰርቨር እንደ ሰሊጥ ታጭዶ አያልቅም፣ ልጄ። ሲያልቅ ያልቃል።"

"እባክዎ ኢንጂነር፣ የሰውየው ውል..."

"ያንቺ ሰሊጥ ነጋዴ ብቻ አይደለም ያለኝ!" ጠረቀመው።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ሐጂ ሁሉንም ሰምተዋል። ዝግ ብለው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ይህ ሰው የሚሠራልሽ ነው ወይስ የምትሠሪለት?"

እፍረት ፊት ላይ እንደሚያቃጥል ያን ዕለት አወቅሁ። "ነገ ጎንደር እሄዳለሁ" አልኳቸው። "ውሉን ፈርመው ሐሙስ ጠዋት እዚህ ይጠብቁኝ።"

ረቡዕ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ላፕቶፔ ጭኔ ላይ ነው፤ የሠራኋቸው ገጾች ቅጂ ውስጡ አለ። መንገዱን ሙሉ እንዴት አድርጌ እንደምለምነው ስለማመድ ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ ኢንጂነር፣ ጊዜዎን አልሻማም፣ አንዲት ነገር ብቻ..." እያልኩ። አሁን ሳስታውሰው ያቺን ልጅ ከሚኒባሱ ጎትቼ አውርጄ በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ቢሮው ስገባ ስልክ ይዟል፤ በእጁ ተቀመጪ አለኝ። አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ደንበኞቹ ይደውላሉ፣ ለሁሉም "ሜንቴናንስ" ይላል። አንዱን ያጽናናል፣ ሌላውን ይቆጣል። በመጨረሻ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየኝ።

"አንቺ ደግሞ በስልክ አይገባሽም? እዚህ ድረስ ምን አመጣሽ?"

"ኢንጂነር፣ የአንዱን ደንበኛዬን ኢሜይል ብቻ ቢያስነሱልኝ። ሰርቨሩ ላይ ችግሩ ምን እንደሆነ ቢነግሩኝ፣ ምናልባት እኔም..."

"አንቺም ምን?" ወደ ተቆለፈው በር በአውራ ጣቱ አመለከተ። "እዚያ ውስጥ ያለውን ብታዪው የምትይዢው የምትጨብጪው ይጠፋሻል።"

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ገቡ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ባልዲ ይዘዋል። ማንንም ሳያስፈቅዱ ከቀሚሳቸው ኪስ ቁልፍ አወጡና በሩን ከፈቱት።

"እማማ፣ አሁን አይደለም!" ብሎ ጮኸ።

"ምን አሁን አይደለም? መወልወያዬ እኮ እዚህ ነው" አሉ፣ እየገቡ።

አንገቴን አሰገግሁ። ክፍሉ አንድ ሰው በጠባቡ ያስቆማል። ሦስት መጥረጊያ፣ አንድ ጆንያ ከሰል፣ ክዳን የሌለው አሮጌ ኮምፒውተር፣ አናቱ ላይ የተጨማደደ ካፖርት። መሬት ላይ ደግሞ አንዱ ክንፉ የተሰበረ ቬንትሌተር እምምም እያለ ከሰሉን ያቀዘቅዛል።

እማማ መወልወያቸውን ይዘው ወጡ፣ በሩን ቆለፉት፣ ሄዱ።

"ሰርቨሩ ለጥገና ተወስዷል" አለ ኢንጂነር ሙሉዓለም።

የሳቄ ነገር! እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ለሁለት ዓመት ድምፄን ዝቅ አድርጌ የቆምኩት ለከሰል ነው። ሳቄ ሲያልቅ አፌ ውስጥ የቀረው ንቀት መሆኑን አወቅሁ። ታላቄ ነው፣ አባቴ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ሰው አንቱ ብላ ያደገች የቆላ ልጅ ነኝ። ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ አለኝ።

"ተነሳ" አልኩት። "ኮምፒውተርህን ልየው።"

አንተ መባሉን ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከዚያ ከወንበሩ ተነሳ። የገረመኝ መነሳቱ ነው። ለካ የሚያስነሳው ጠፍቶ ኖሯል።

የሆነውን ለመረዳት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሰውየው ሰርቨር ኖሮት አያውቅም። ውጭ ካለ ኩባንያ ለአንድ ሰው የሚሆን፣ ከሁሉ የረከሰውን አንድ አካውንት በራሱ ስም ገዝቷል። እዚያ አንድ አካውንት ውስጥ የእኔን አራት ጨምሮ የአሥራ አራት ድርጅት ሥራ እንደ ሽንኩርት አጭቆታል። ፓስወርዱ አንድ ነው። ከአሥራ አራቱ የአንዱ ገጽ በሌባ ተሰብሮ ለዓለም ሁሉ የማጭበርበሪያ ኢሜይል ሲረጭ ሰንብቷል። ኩባንያው አራት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፎለታል። አራቱም አልተነበቡም። በመጨረሻ አካውንቱን ዘጉት፤ በአንዱ ጥፋት አሥራ አራቱም ጨለመባቸው። የሐጂ የሁለት ዓመት ደብዳቤም እዚያው ውስጥ ቀለጠ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

"ለምን አላነበብከውም?" አልኩት።

"ማስታወቂያ መስሎኝ" አለ። ላቡን ጠረገ።

ጎንደር አብራኝ ለተማረችውና አዲስ አበባ አንድ ሆስቲንግ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ለምትሠራው ለትዕግሥት ደወልኩ። ነገሩን ነገርኳት።

"ዘሃራ፣ አንቺ ሪሴለር የለሽም እንዴ?"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ትቀልጃለሽ? ለዲዛይነሮች ተብሎ የሚከራይ ነው እኮ። ሰፋ ያለ ቦታ ከእኛ ትወስጃለሽ፣ ለየደንበኛሽ ለየብቻ አካውንት ትከፍቺለታለሽ። የየራሱ ቦታ፣ የየራሱ ፓስወርድ አለው። አንዱ ቢበላሽ ያንኑ ታግጂዋለሽ እንጂ ሌላውን አይነካም። ሰርቨሩን እኛ እንጠብቀዋለን፣ ደንበኞችሽ የሚያውቁት ያንቺን ስም ነው። ኢሜይል ክፈቺልኝ ሲሉሽ ማንንም አትለምኚም።"

"ይህ ከባድ ነው?"

"ዌብሳይት መሥራት የቻለ ሰው በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል" አለች። ከዚያም ድምጿን ለስለስ አድርጋ፣ "ሁለት ዓመት እንዴት ስትሠሪ ነበር?" አለችኝ።

በከሰል ነበር የምሠራው።

ክፍያው በብር፣ በባንክ ነው። ወጥቼ ከፈልኩ፤ ከምሳ በኋላ አካውንቴ ተከፈተ። አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። የሐጂ ድርጅት የኢንተርኔት ስም፣ ዶሜይን የሚሉት፣ የተመዘገበው በኢንጂነሩ እጅ ነው። ስሙን ወደ አዲሱ ቦታ ማዞር የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እምቢ ቢል ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ያከትም ነበር። ቢሮው ተመልሼ ስሙን እንዲያዞርልኝ ጠየቅሁት።

"ዶሜይን የቱ ጋ ነው ያለው?" አለኝ።

አያውቀውም! ራሱ የገዛውን ነገር የት እንዳስቀመጠው አያውቅም። ፈልጌ ከፈትኩት። አሥራ አራቱም ስሞች ተደርድረው ፊቴ ናቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ቆመ። ሁሉንም ባዞራቸው እሱ ነገ የሚሸጠው አንድ ነገር የለውም፤ ማንም አያየኝም፤ እሱ ቢያየኝም አይገባውም። ለጥቂት ጊዜ በጣም አጓጓኝ። የእኔን አራቱን ብቻ አዞርኩና ተነሳሁ። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ። የእሱን ዕቃ መንካት ተጸይፌ ነው።

"የቀሩትን አሥር ሰዎች ደውልና እውነቱን ንገራቸው" አልኩት። "ሜንቴናንስ አትበላቸው።"

"ማንም አያምነኝም" አለ። ያ ቀን ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው እውነት ነበር።

ስም ቢዞርም ወዲያው አይያዝም፤ ሰዓታት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ቀን ይፈጃል። ገጾቹን ጭኜ፣ ኢሜይሎቹን ከፍቼ አክስቴ ቤት አደርኩ። ሐሙስ ማለዳ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ስልኬን አየሁ፤ "ታግዷል" ይላል። ነጋዴ ባሕር ከተማ ደረስኩ፤ "ታግዷል" ይላል። ከዚያ ወዲያ ኔትወርኩ ጠፋ። ገንዳ ውሃ ስወርድ አምስት ሰዓት አልፏል። ሐጂ ደጃፌ ላይ ቆመዋል፤ ውሉን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

"አለ ወይስ የለም?"

"አላውቅም ሐጂ። አሁን እናያለን።"

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። መብራት አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ገጹን ጠራሁት። ቀስ እያለ፣ ከላይ ወደታች፣ መጀመሪያ የሰሊጡ ማሳ፣ ቀጥሎ የሐጂ ጥምጣም ወጣ። ሐጂ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ፎቶ በጣታቸው ነኩት። ውሉን ስካን አድርጌ ከአዲሱ ኢሜይል ላክሁት። አልሄደም፤ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁት። አሁንም አልሄደም። ሐጂ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቁርአን ይቀራሉ። በሦስተኛው ሄደ። ለስድስት ሃያ ጉዳይ ነበር።

ከዚያ ጠበቅን። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንዲት አጭር መልስ ገባች። ውሉ ደርሶናል፣ ዕቃውን ጫኑ ትላለች። ተረጎምኩላቸው።

"ኸላስ! አለቀ!" አሉ ሐጂ፤ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብለው።

ከመሄዳቸው በፊት የአካውንታቸውን መግቢያ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ግራ ገባቸው።

"ይህ ለኔ ምን ያደርግልኛል? አላውቅበት።"

"የእርስዎ ስለሆነ ነው።"

"ይዤው ወደ ሌላ ሰው ብሄድስ?"

"ይሂዱ" አልኳቸው።

እናንተ የዌብሳይት ሥራ የምትሠሩ፣ በየከተማው እንደኔ ጠባብ ክፍል ተከራይታችሁ ያላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሥራዬ ሌላ ሥራ ሆነ። የሆቴሉ ባለቤት ሦስት ኢሜይል ክፈቺልኝ ብሎ ሲመጣ ያዘዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ከፍቼለት ይሄዳል። አንዱ ደንበኛዬ ፓስወርዱን "12345" አድርጎ ተሰበረበት፤ የእሱን ዘግቼ ሳጸዳ የሌሎቹ ቅንጣት አልተነካም። በዓመቱ የደንበኞቼ ቁጥር አድጎ ባጃጅ ነጂዎቹ መሳቅ ትተው ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። ይህ ሁሉ እንደ ተአምር የሚወራ አይደለም። ማንም ዲዛይነር ተከራይቶ የሚይዘው ተራ ነገር ነው። ተራነቱ ነው የሚያናድደኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ባዶ ሰው በተራ ነገር ላይ በር ገጥሞ፣ ወረቀት ለጥፎ አስፈራራኝ።

አገራችን እንዲህ ባሉ ሰዎች ሞልቷል። ቀላሉን ነገር አክብደው ካልያዙት የሚከበሩበት የላቸውም። "አንቺ አይገባሽም" የሚላችሁን ሰው ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱም አልገባውም። ኢንጂነር ሙሉዓለም አሁን የፀሐይ መብራት ይሸጣል አሉ። ኢንጂነርነቱ አሁንም በሩ ላይ አለ። ለፀሐይዋ አዘንኩላት።

ስለ ራሴም የማልምረው ነገር አለ። እሱን ትልቅ ያደረግሁት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ "ክፈተውና ልየው" አላልኩም። አንዲት መወልወያ የፈለጉ እናት በአንድ ቁልፍ የጨረሱትን እኔ በዲግሪ አልቻልኩትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሐጂ እድሪስ እንደገና መጡ፤ ያን ቀን ጀለቢያቸው ንጹሕ ነበር። የወንድማቸው ልጅ ካርቱም ኮምፒውተር ተምሮ ተመልሷል፣ ሥራውን ለእሱ ልስጠው ብለው ነው። መናገር ከብዷቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ብዙ አወሩ። ነገሩ ሲገባኝ ገጹንም ኢሜይሉንም ሁሉንም ገልብጬ ፍላሽ ላይ አደረግሁ፤ ዶሜይኑንም ወደ ልጁ አዞርኩት።

"አልተቀየምሽም?" አሉኝ በሩ ላይ ቆመው።

"ልጁ አንድ ነገር ካስቸገረው ይደውልልኝ" አልኳቸው።

ጥሩ ደንበኛዬ ነበሩ፤ መሄዳቸው ጎድቶኛል። ማስረከቡ አሥር ደቂቃ ፈጀ፤ ማንም አልለመነኝም። ቀኑን ሙሉ ግን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።